ከሀይስኩል ወይስ ከኮሌጅ? ስለ ቤዝቦል ድራፍት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤዝቦል ለብዙዎቻችን አሜሪካ ከገባን በኋላ የመጣ ነገር ነው፣ ልጆቻችን ግን ከትንሽነታቸው ሰፈር ሜዳ ላይ ነው የሚያገኙት። ከዛ አንዱ ልጅ ጎበዝ ይሆንና 16፣ 17 ዓመቱ ላይ የኳስ ፍጥነት መለኪያ ራዳር የያዙ ስካውቶች (የቡድኖች ተጫዋች መልማዮች) አጥር ስር መታየት ይጀምራሉ፣ ወላጅ ደግሞ ግራ ይገባዋል። ኮሌጅ ይግባ ወይስ ይፈርም? ቡድኖቹስ ለምንድነው አንዴ የ18 ዓመት ልጅ አንዴ የ21 ዓመት ልጅ የሚወስዱት? ይሄን ነገር ለረጅም ጊዜ ስለተከታተልኩት የማውቀውን ሁሉ እዚህ አስቀምጫለሁ፣ ልጅ የሌላችሁም ጨዋታውን ብቻ የምትወዱ አንብቡት።

መጀመሪያ ድራፍቱ ራሱ ምንድነው?

30ዎቹ የሜጀር ሊግ (የላይኛው የቤዝቦል ሊግ) ቡድኖች በዓመት አንዴ አማተር ተጫዋቾችን ተራ በተራ የሚመርጡበት ነው። ድሮ ጁን ላይ ነበር፣ ከ2021 ጀምሮ ግን ጁላይ ላይ ከኦልስታር ሳምንት ጋር አያይዘውታል። የተጀመረው በ1965 ሲሆን የመጀመሪያው ተመራጭ ሪክ መንደይ ይባላል፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው የኮሌጅ ልጅ። በዓመቱ 1966 ላይ ሜትስ 1ኛ ተራ ደረሳቸውና ስቲቭ ቺልኮት የሚባል የሀይስኩል ካቸር (የተወረወረውን ኳስ ተቀባይ) ወሰዱ፣ ልጁ ተጎዳና ሜጀር ሊግን ሳያያት ቀረ። 2ኛ ተራ የነበራቸው ኤይስ ደግሞ ከዛው ከአሪዞና ስቴት ሬጂ ጃክሰንን ወሰዱ፣ እሱ 563 ሆምራን (አጥር ያለፈ ምት) መትቶ ሆል ኦፍ ፌም (የታላላቆች መዝገብ) ገባ። ስለዚ ሀይስኩል ወይስ ኮሌጅ የሚለው ክርክር ድራፍቱ ገና 2 ዓመት ሳይሞላው ነው የተወለደው።

ራውንዱ (ቡድኖቹ በየተራቸው የሚመርጡበት ዙር) አሁን 20 ነው። ከ2012 እስከ 2019 ድረስ 40 ነበር፣ ከዛ በፊት ደግሞ 50፣ በ2020 በኮሮና ምክንያት 5 ብቻ ሆነ፣ ከዛ በ20 ጸና። ይሄን ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ባስኬትቦል የለመደ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ኤንቢኤ ላይ ድራፍት የሆነ ልጅ ብዙ ጊዜ በዛው ዓመት ቲቪ ላይ ታየዋለህ። ቤዝቦል ላይ ግን ድራፍት ማለት ወደ ማይነር ሊግ መግቢያ በር ማለት ነው፣ ከዛ ከሩኪ ሊግ ተነስቶ ሲንግል ኤ፣ ሀይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ እያለ በደረጃ ነው የሚወጣው፣ እዛው መሀል ላይ የሚቀረው ደግሞ ከሚደርሰው በጣም ይበልጣል።

ማን ነው መመረጥ የሚችለው?

ሀይስኩል የጨረሰና ኮሌጅ ገና ያልጀመረ ልጅ ይመረጣል። 4 ዓመት የሚያስተምር ኮሌጅ የገባ ልጅ ግን 3ኛ ዓመቱን እስኪጨርስ ወይ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይጠብቃል። ሁለት ዓመት የሚሰጡት ጁኒየር ኮሌጆች ላይ ያለ ልጅ ደግሞ በየዓመቱ መመረጥ ይችላል።

ኤንቢኤ ከ2005 በኋላ ከሀይስኩል በቀጥታ መግባትን ከልክሏል፣ ኤንኤፍኤል ደግሞ ሀይስኩል ከጨረሱ 3 ዓመት እንዲያልፍ ይፈልጋል። ቤዝቦል ግን ሁለቱንም በር ክፍት ትቶ ለ18 ዓመት ልጅና ለቤተሰቡ አንተ ወስን ይላቸዋል።

የጁኒየር ኮሌጁን መንገድ በደንብ የተጠቀመበት ብራይስ ሀርፐር ነው። ሀይስኩል 2ኛ ዓመቱን ሲጨርስ ጂኢዲ (የሀይስኩል ማጠናቀቂያ ምትክ) ፈተና ወስዶ ወጣ፣ የኮሌጅ ኦፍ ሳውዘርን ኔቫዳ ተጫዋች ሆነ፣ በ2010 ገና በ17 ዓመቱ ዋሽንግተን ናሽናልስ 1ኛ አድርገው ወሰዱት። ይሄ ለሁሉም የሚሆን መንገድ አይደለም፣ ሀርፐር በ16 ዓመቱ አገር ያወቀው ልጅ ነበር።

ለቡድኖቹ ልዩነቱ ምንድነው?

ቡድኑ ከሀይስኩል ልጅ ላይ የሚገዛው ጊዜን ነው፣ ከኮሌጅ ልጅ ላይ ደግሞ መረጃን። እኔ ነገሩን እንደዚ ነው የማየው፣ ሌላው ሁሉ ከዚ ይመጣል።

የሀይስኩል ልጅ ማሳ ላይ ገና ያላፈራ እህል እንደመግዛት ነው፣ ዝናቡ ከጣለ በርካሽ ገዝተህ ትከብራለህ፣ አንበጣ ከመጣ ደግሞ የለህም። 18 ዓመቱ ነው፣ ሰውነቱ ገና እየሰፋ ነው፣ ቡድኑ ራሱ በሚፈልገው መንገድ ሊያሰለጥነው ይችላል፣ ከተሳካም በ20 ዓመቱ ሜጀር ሊግ ይደርሳል። ችግሩ ግን ማንን ሲመታ ነው ያየኸው? አብዛኛው የሚገጥመው ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ኮሌጅ እንኳን የማይጫወት ልጅ ነው። እና ደሞ ቀዝቃዛ ቦታ ያደገ ከሆነ ጨዋታውም ትንሽ ነው፣ ስካውቱ በመጣበት ቀን ዝናብ ከዘነበ አለቀ።

የኮሌጁ ልጅ ደግሞ 3 ዓመት ሙሉ ከጠንካራ ቡድኖች ጋር ተጫውቷል፣ እንደ ኤስኢሲ ባለው ጠንካራ የኮሌጅ ሊግ ውስጥ በየሳምንቱ መጨረሻ ነገ ሚሊየነር የሚሆኑ ፒቸሮችን ነው የሚገጥመው። በጋ ላይ ኬፕ ኮድ ሊግ ይሄዳል፣ እዛ ደግሞ የሚመታው በእንጨት ባት (መምቻ ዱላ) ነው። ኮሌጅ ውስጥ ያለው የብረት ባት ነው፣ ሜጀር ሊግ ግን እንጨት ብቻ ስለሆነ ኬፕ ኮድ ላይ የመታ ልጅ ለስካውቶች ትልቅ መልስ ሰጣቸው ማለት ነው። ቡድኑ የሚገዛውን ያውቃል፣ ግን 21 ዓመቱ ነው፣ ብዙ የሚያድግበት ጊዜ አልቀረም፣ ጎበዝ መሆኑን ሌሎቹም 29 ቡድኖች ያውቃሉ።

ለዚህ ነው ማይክ ትራውት 25ኛ ድረስ የወረደው። በ2009 ከሚልቪል ሀይስኩል፣ ኒው ጀርሲ ነው የመጣው፣ ብርድ አገር፣ ትንሽ ጨዋታ። ኤንጅልስ ራሳቸው 24ኛውም 25ኛውም ተራ የነሱ ሆኖ መጀመሪያ ራንደል ግሪቸክን ወሰዱ፣ ትራውትን ቀጥለው። በ19 ዓመቱ ሜጀር ሊግ ገባ፣ 3 ጊዜ ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) ሆነ። በዛው ድራፍት 1ኛ የነበረው ስቲቨን ስትራስበርግ ነው፣ የሳንዲያጎ ስቴት ልጅ፣ እሱ ደግሞ ሀይስኩል ሲጨርስ በ50 ራውንድ ዘመን እንኳን ማንም አልመረጠውም ነበር። 3 ዓመት ኮሌጅ ሰውነቱንም ኳሱንም ቀየረው። አንድ ድራፍት ውስጥ ሁለቱም ታሪክ አለ።

ኮሌጅ ብቻ መውሰድ ይሻላል የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እውነት ነው?

ነበር፣ ቢያንስ በአንድ ወቅት። ቢል ጄምስ የሚባለው የቤዝቦል ቁጥር ተመራማሪ በ1980ዎቹ የድሮ ድራፍቶችን ቆጥሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች ከተመረጡበት ቦታ አንጻር ከሀይስኩል ልጆች የበለጠ ይመልሳሉ ብሎ ነበር፣ በዛን ጊዜ ቡድኖቹ ሀይስኩልን ከመጠን በላይ ይወዱ ስለነበር ልክ ነበር። ቆይቶ ግን ሁሉም ሰምቶት ሁሉም ኮሌጅ መፈለግ ሲጀምር ዋጋው ተስተካከለ፣ ያኔ ደግሞ ችላ የተባለው ሀይስኩል ሆነ።

ይሄን ለማየት 2002ን የሚያህል ድራፍት የለም። ኦክላንድ ኤይስ ትልልቅ ተጫዋቾቻቸው ለቀውባቸው በካሳ መልክ ብዙ ተራ አግኝተው ስለነበር ከመጀመሪያዎቹ 39 ምርጫዎች 7ቱ የነሱ ነበሩ፣ ብር ደግሞ አልነበራቸውም። ሰባቱንም ከኮሌጅ ወሰዱ። 16ኛ ላይ ኒክ ስዊሸርን፣ 24ኛ ላይ ጆ ብላንተንን፣ 39ኛ ላይ ማርክ ቲሄንን አገኙ፣ ሦስቱም ጥሩ ዕድሜ የተጫወቱ ናቸው። 35ኛ ላይ የወሰዱት ጀረሚ ብራውን ሜጀር ሊግ ላይ 5 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፣ የቀሩት ሦስቱ ጭራሽ አልደረሱም። ለ7 ምርጫ መጥፎ አይደለም።

አሁን ግን አጠገባቸው ያለውን እዩ። ከስዊሸር ቀጥሎ 17ኛ ላይ ፊላደልፊያ ኮል ሀምልስን ወሰደ፣ ከሀይስኩል። ከብላንተን ቀጥሎ 25ኛ ላይ ሳንፍራንሲስኮ ማት ኬንን ወሰደ፣ ከሀይስኩል። 6ኛ ዛክ ግሪንኪ፣ 7ኛ ፕሪንስ ፊልደር፣ ሁለቱም ከሀይስኩል። 2ኛው ራውንድ ላይ ደግሞ ጆይ ቮቶ ከቶሮንቶ፣ ጆን ሌስተር፣ ብራያን ማካን፣ አሁንም ሀይስኩል! ሀምልስ በ2008 የወርልድ ሲሪስ (የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ) ኤምቪፒ ሆነ፣ የሚገርመው ብላንተንም በዛን ሰዓት እዛው ፊላደልፊያ ነበር፣ በ4ኛው ጨዋታ ፒቸር ሆኖ ሳለ ራሱ ሆምራን መታ።

እሺ ሀይስኩል አሸነፈ እንዳትሉ ደግሞ፣ በዛው ዓመት 3ኛ የተመረጠው ክሪስ ግሩለርና 5ኛ የተመረጠው ክሊንት ኤቨርትስ ሁለቱም የሀይስኩል ፒቸሮች ነበሩ፣ ሁለቱም ሜጀር ሊግን አላዩም። 1ኛውስ? ብራያን ቡሊንግተን፣ ከቦል ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ያ አስተማማኝ የተባለው የኮሌጅ ፒቸር፣ ሜጀር ሊግ ላይ በጠቅላላው 1 ጨዋታ ነው ያሸነፈው። እና እኔ ከ2002 የምወስደው ነገር ቢኖር አንዱን በር ዘግቶ መምረጥ ትልልቅ ተጫዋቾችን እንደሚያስመልጥ ነው፣ ዛሬ የሚያዋጣው ሌላው ቡድን ያልወደደውን ማየት መቻል ነው።

ፒቸር ከሆነስ? የሀይስኩል ፒቸር አደገኛ ነው ይባላል

አዎ፣ ከሁሉም አደገኛው እሱ ነው፣ እዚ ላይ አልከራከርም። ከ1965 እስከ 2025 ባለው ድራፍት ውስጥ 1ኛ ሆነው የተመረጡ የሀይስኩል ፒቸሮች 3 ብቻ ናቸው፣ ሦስቱም ግራኝ። በቀኝ የሚወረውር የሀይስኩል ልጅ 1ኛ ሆኖ አያውቅም።

የሦስቱ ታሪክ ያሳዝናል። ዴቪድ ክላይድ በ1973 ቴክሳስ ሬንጀርስ መረጡትና ማይነር ሊግ ሳይልኩ በዛው በጁን ወር ሜጀር ሊግ ላይ አወጡት፣ ስታዲየሙ እንዲሞላላቸው ነበር፣ ሞላላቸውም፣ ልጁ ግን አልሆነለትም። ብሪየን ቴይለርን በ1991 ያንኪስ በጊዜው ሪከርድ በሆነ 1.55 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት፣ በ1993 መጨረሻ ጠብ ውስጥ ገብቶ ትከሻው ተጎዳ፣ ሜጀር ሊግ ሳይደርስ ቀረ። ብሬዲ ኤይከን በ2014 የሂውስተን አስትሮስ ምርጫ ነበር፣ በወቅቱ እንደተዘገበው በ6.5 ሚሊዮን ተስማምተው ሳለ የክርን ጅማቱ ምርመራ ላይ ጥያቄ ተነሳና ቡድኑ ዋጋውን ቀነሰ፣ ልጁ ሳይፈርም ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ጅማቱ ተበጥሶ ቶሚ ጆን የሚባለውን የክርን ጅማት ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ክሊቭላንድ 17ኛ ላይ ቢወስደውም ሜጀር ሊግ አልደረሰም። አስትሮስ ላልፈረመው ምርጫ ካሳ ባገኙት ተራ በ2015 አሌክስ ብሬግማንን ከኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ወሰዱ።

ምክንያቱ ምስጢር የለውም። የልጅ ክንድ ገና አልጠነከረም፣ ዛሬ ደግሞ ሁሉም በሙሉ ኃይል ነው የሚወረውረው። ኮሌጅ 3 ዓመት ያለፈ ፒቸር ቢያንስ ያን ጊዜ ተሻግሯል፣ ወይ ኦፕራሲዮኑን በሌላ ሰው ጊዜ አድርጎ ጨርሷል።

ግን ክሌይተን ከርሾው አለ። በ2006 ከዳላስ አካባቢ ሀይስኩል 7ኛ ሆኖ ለዶጀርስ ተመረጠ፣ ከሱ በፊት የተመረጡት 6ቱም ኮሌጅ የተጫወቱ ነበሩ፣ 5ቱ ደግሞ ፒቸሮች። እሱ ሳይ ያንግ (የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ሽልማት) 3 ጊዜ ወሰደ፣ ከ3000 በላይ ስትራይክአውት (መቺውን በስትራይክ ማስወጣት) አስመዘገበ። ቡድኖች አሁንም የሀይስኩል ፒቸር የሚገዙት ሌላ ከርሾው ይገኛል ብለው ነው።

ብሩ እንዴት ነው የሚሰራው?

ከ2012 ጀምሮ እያንዳንዱ ተራ የተተመነለት ዋጋ አለው፣ ስሎት ይሉታል። የመጀመሪያዎቹ 10 ራውንዶች ስሎት ተደምሮ የቡድኑ ፑል ይሆናል። ከፑሉ ካለፈ ቅጣት ይከፍላል፣ ከ5 በመቶ በላይ ካለፈ ደግሞ የወደፊት የ1ኛ ራውንድ ምርጫውን ያጣል፣ ስለዚ ቡድኖች 5 በመቶዋን ተጠግተው ይቆማሉ እንጂ አያልፉም።

ብሩ ግን ከአንዱ ተራ ወደ ሌላው መዘዋወር ይችላል፣ ጨዋታው ያለው እዚ ላይ ነው። በ2025 ናሽናልስ 1ኛ ተራ ነበራቸው፣ ስሎቱ ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ኢላይ ዊሊትስን ከኦክላሆማ ሀይስኩል ገና በ17 ዓመቱ በ8.2 ሚሊዮን አስፈረሙ፣ የተረፈውን ኋላ ለመረጧቸው ሀይስኩል ልጆች አዋሉት። የሀይስኩል ልጅ ካልከፈላችሁኝ ኮሌጅ እሄዳለሁ ማለት ይችላል፣ ጉልበቱ እሱ ነው። የ3ኛ ዓመት ኮሌጅ ልጅም 4ኛ ዓመት እመለሳለሁ ማለት ይችላል። 4ኛ ዓመቱን የጨረሰ ልጅ ግን መሄጃ የለውም፣ ስለዚ ቡድኖች ከ5ኛ እስከ 10ኛ ራውንድ እንደዚ ያሉትን በጥቂት ብር እያስፈረሙ የተረፈውን ለሌላው ያዞራሉ። በልጁ በኩል ሲታይ ይከብዳል፣ 4 ዓመት የለፋ ልጅ የሌላ ሰው ቦነስ (የፊርማ ብር) ማሟያ ይሆናል።

ትልልቆቹን ቁጥሮች ለማወቅ ያህል፣ ፖል ስኪንስ ከኤልኤስዩ በ2023 9.2 ሚሊዮን አገኘ፣ በ2024 ቻርሊ ኮንደንና ቼስ በርንስ ሁለቱም ከኮሌጅ 9.25 ሚሊዮን እያንዳንዳቸው። ከሀይስኩል ትልቁ በ2025 ኢተን ሆሊደይ ከኮሎራዶ ሮኪስ ያገኘው 9 ሚሊዮን ነው። እነዚ ግን ጫፍ ላይ ያሉት ናቸው፣ ከ10ኛ ራውንድ በታች ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ 150 ሺ ዶላርና ከዛ በታች ነው የሚያየው፣ ከዛም ላይ ታክስና የኤጀንት ድርሻ ይነሳል።

እምቢ ብሎ ኮሌጅ የሄደ ልጅ ይቆጨዋል?

ጌሪት ኮል አልቆጨውም። በ2008 ያንኪስ ከሀይስኩል 28ኛ አድርገው መረጡት፣ እምቢ ብሎ ዩሲኤልኤ ገባ፣ በ2011 ፒትስበርግ 1ኛ አድርጎ በ8 ሚሊዮን ወሰደው። ኋላ እነዛው ያንኪስ በ324 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት። አሮን ጀጅ በ2010 በ31ኛ ራውንድ ነበር የተመረጠው፣ ፍሬዝኖ ስቴት ሄዶ ተመልሶ በ2013 በ1ኛው ራውንድ 32ኛ ሆነ። ብሬግማን ራሱ ከሀይስኩል በ2012 29ኛ ራውንድ ላይ ተመርጦ ነበር።

ጀጅና ብሬግማን የተመረጡባቸው ራውንዶች ግን ዛሬ የሉም። ድራፍቱ 20 ራውንድ ላይ ሲቆም፣ በ2021ም ማይነር ሊጉ ወደ 120 ቡድን ሲቀንስ፣ ለሀይስኩል ልጅ ያለው መካከለኛ ቦታ ጠፋ፣ ወይ ከላይ ትመረጣለህ ወይ ኮሌጅ ትሄዳለህ። እኔ ይሄ ነገር ለቤተሰብ ውሳኔውን አቅልሎታል ባይ ነኝ።

ደግሞ እምቢ ብለው ኮሌጅ ላይ ተጎድተው የቀሩ ብዙ ናቸው፣ እነሱን ማንም አያነሳቸውም። የቀረበውን ብር ዳግም ያላገኘ ልጅ ስሙ አይወራም፣ ስለዚ የኮልን ታሪክ ብቻ ሰምቶ መወሰን ትክክል አይደለም።

ከሁለቱ ማን ቶሎ ሜጀር ሊግ ይደርሳል?

ከተመረጠበት ቀን ከተቆጠረ የኮሌጁ። ራያን ዚመርማን በ2005 ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ 4ኛ ሆኖ ተመርጦ በዛው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ናሽናልስን ተቀላቀለ። ስኪንስ በዓመቱ ደረሰ። የሀይስኩል ልጅ ብዙ ጊዜ 4 ወይ 5 ዓመት ይፈልጋል።

በዕድሜ ከተቆጠረ ግን ይገለበጣል፣ ትልቁ ብር ያለው ደግሞ እዛ ነው። ፍሪ ኤጀንት (ከፈለገው ቡድን ጋር ለመፈረም ነጻ) ለመሆን ሜጀር ሊግ ላይ 6 ዓመት ሰርቪስ (የአገልግሎት ጊዜ) ያስፈልጋል። ሀርፐር በ19 ዓመቱ ስለጀመረ በ26ቱ ነጻ ሆኖ ከፊላደልፊያ ጋር የ13 ዓመት የ330 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ፈረመ። ጀጅ በ24 ዓመቱ ስለጀመረ 30 ዓመቱ ላይ ነው ነጻ የሆነው፣ እሱ ጀጅ ስለሆነ 360 ሚሊዮን አገኘ፣ ሌላው የ30 ዓመት ሰው ግን እንደዛ አያገኝም። በጣም ጎበዝ ለሆነ የሀይስኩል መቺ፣ በቶሎ መጀመር ከቦነሱ በላይ ዋጋ አለው።

እዚህ ያሉት ናሽናልስ ታዲያ ከየት ነው የሚመርጡት?

ከሁለቱም፣ ለዛ ነው ዲሲ አካባቢ ላለን ሰዎች ጥሩ ማስተማሪያ የሆኑት። በ2019 ወርልድ ሲሪስ ሲያሸንፉ ኤምቪፒው ስትራስበርግ ነበር፣ 7ኛው ጨዋታ ላይ ሆምራን የመታው አንቶኒ ረንዶን የራይስ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው፣ ዚመርማን ከቨርጂኒያ፣ የኮሌጅ ቡድን ብትሉት አይከፋም። ሁዋን ሶቶ ግን ከዶሚኒካን ስለሆነ በድራፍት አላለፈም። በ2012 የመረጡት የሀይስኩል ፒቸር ሉካስ ጂዮሊቶ ደግሞ ክርኑ ታሞ 16ኛ ላይ ወርዶ አግኝተውት፣ ቶሚ ጆን አድርጎ ተመልሶ፣ በ2016 መጨረሻ አዳም ኢተንን ለማምጣት ለዋይት ሶክስ ተሰጠ። ኢተን የ2019 ሻምፒዮን ነው። አያችሁ፣ የሀይስኩል ልጅ ለቡድን የሚጠቅመው በመጫወት ብቻ ሳይሆን በመሸጥም ነው፣ ምክንያቱም ተስፋ ያለው ወጣት ሁሉም ቡድን ይፈልገዋል።

ማይነር ሊግ ላይ ኑሮው እንዴት ነው?

ድሮ በጣም መጥፎ ነበር፣ አሁን ተሻሽሏል። በ2023 ተጫዋቾቹ የመጀመሪያውን የሠራተኛ ማኅበር ስምምነት አግኝተው ደሞዙ በዓመት ከታች 19,800 ዶላር፣ ትሪፕል ኤ ላይ 35,800 ዶላር ሆነ፣ መኖሪያ ቤትም ቡድኑ ይችላል። 3 ሚሊዮን ቦነስ ላገኘ ልጅ ይሄ ምንም አይደለም። 100 ሺ ብቻ ላገኘ የ18 ዓመት ልጅ ግን፣ ከቤተሰብ ርቆ፣ ሌሊት አውቶቡስ ላይ፣ ትምህርት የለም፣ 5 ዓመት ቆይቶ ቢሰናበት 23 ዓመቱ ነው፣ ይሄን ከመፈረም በፊት በደንብ ማሰብ ያስፈልጋል።

ኮሌጅ ከገባ ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኛል አይደል?

ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዲቪዥን 1 ቤዝቦል ለረጅም ጊዜ ለአንድ ሙሉ ቡድን የተፈቀደለት 11.7 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር፣ እሱን ቆራርሰው ነው የሚያካፍሉት፣ ስለዚ ኮከብ የሚባለውም ልጅ ግማሽ ወይ ሩብ ያገኝ ነበር። ከ2025-26 ጀምሮ በአዲሱ የኮሌጅ ስፖርት ስምምነት የገቡ ትምህርት ቤቶች ላይ ገደቡ ተነስቶ ተጫዋቹ በ34 ተወስኗል፣ ግን ሁሉም ትምህርት ቤት ለ34ቱም ይከፍላል ማለት አይደለም። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ በስማቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፣ ትልልቆቹ ፕሮግራሞች ላይ ቀላል ብር አይደለም፣ ለዚህም ነው ዛሬ ኮሌጅ መሄድ ከድሮው የሚሻለው።

ልጁ የተወለደው ኢትዮጵያ ከሆነስ?

የትውልድ ቦታ አይጠየቅም። አሜሪካ፣ ካናዳ ወይ ፖርቶ ሪኮ የሚኖር፣ ወይ አሜሪካ ሀይስኩል ወይ ኮሌጅ የተማረ ልጅ ድራፍት ውስጥ ነው። በ2024 1ኛ የተመረጠው ትራቪስ ባዛና አውስትራሊያዊ ነው፣ ኦሪገን ስቴት ስለተማረ ነው በድራፍት ያለፈው። አዲስ አበባ የሚኖር ልጅ ግን እንደ ዶሚኒካኖቹ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ በቀጥታ ከቡድን ጋር መፈረም የሚችል ይሆናል። አፍሪካ ተወልዶ ሜጀር ሊግ የተጫወተው የመጀመሪያው ሰው ደቡብ አፍሪካዊው ጊፍት ንጎፔ በዚ መንገድ ነው የመጣው፣ በ2017 ለፒትስበርግ ተሰለፈ።

ልጄ ሊመረጥ ይችላል እየተባለ ነው፣ ምን ላድርግ?

ከድራፍቱ ወራት በፊት ቤት ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አንድ ቁጥር ላይ ተስማሙ። ታክስና ኤጀንት ከተነሳለት በኋላ፣ ልጁ ቤዝቦል ባይሳካለት እንኳን ትምህርቱን ጨርሶ ኑሮ እንዲጀምር የሚያስችለው ብር ስንት ነው? ከዛ በላይ ከመጣ ይፈርም፣ ከዛ በታች ከሆነ ኮሌጅ ይሂድ። ይሄን አስቀድማችሁ መወሰን አለባችሁ፣ ምክንያቱም በድራፍቱ ቀን ቡድኖች በተራቸው መሀል ነው የሚደውሉት፣ በዚህ ብር ይፈርማል ወይስ አይፈርምም ብለው፣ መልሱን የሚጠብቁት በደቂቃ ነው፣ እናት ታልቅስ አባት ይቆጣ አይጠብቁም።

የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ልጁ መቺ ከሆነና 1ኛ ራውንድ ብር ከቀረበለት ይፈርም። ፒቸር ከሆነም ትልቅ ብር ከመጣ ይውሰድ፣ ክንድ ዋስትና የለውም፣ ነገ ሊበጠስ የሚችልን ነገር ዛሬ መሸጥ ነውር የለውም። መካከለኛ ብር ከሆነ ግን ሁለቱም ኮሌጅ ይሂዱ።

ከፈረመ ደግሞ ኮንትራቱ ውስጥ የኮሌጅ ስኮላርሺፕ ፕላን የሚባለውን አስገቡ። ከቦነሱ ውጪ ቡድኑ የልጁን ኮሌጅ እንዲከፍል የሚያስገድድ ነው፣ ግን መጫወት ካቆመ በ2 ዓመት ውስጥ ትምህርት ካልጀመረ ይቃጠላል። በቃል እንከፍላለን ማለት አይበቃም፣ ስንት ሴሚስተር፣ በሴሚስተር ስንት ዶላር የሚለው ከፊርማው በፊት በቁጥር ተጽፎ መታየት አለበት፣ የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ልጁ ለመግባት ያሰበው ዩኒቨርሲቲ በሚያስከፍለው ልክ ይሁን።